በሰም የደፈንኳት መኪና

ባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ንብ እሥላለሁ፤ እግሯን፣ ክንፏን፣ ከሆዷ ሥር ሰም የሚወጣበትን ቦታ ሳይቀር በቀስት እያሳየሁ። መንጋው ከቀፎ ወጥቶ አዲስ ቤት የሚፈልገው ክረምቱ አልፎ አበባው ሲፈነዳ እንደሆነ፣ ቤት ሲመርጥም ጨለማ፣ ደረቅ፣ ሰም ሰም የሚሸትና አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያለችው ቦታ እንደሚወድ ለተማሪ አስጽፌያለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ከዚያ ሄጄ በጥቅምት ወር፣ ጎጃም ውስጥ፣ የአማቴን መኪና በሰም ደፈንኩ። አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ተውኩላት።

ሞኝነቴን ከመጀመሪያው የተናገርኩት እናንተም እንዳትደክሙ ብዬ ነው። ባለቤቴ ግን ለሰው ስታወራው መጨረሻ ላይ ነው የምትናገረው፤ እንደዚያ ይበልጥ ያስቃል ትላለች።

መኪናዋ የዔሊ ጀርባ ያላት ትንሽ ሰማያዊ ጀርመን ሠራሽ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ዕቃ መጫኛዋና የቤንዚን ታንኳ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ናቸው። ቤንዚን ለመቅዳት ኮፈኑን መክፈት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የሚኖሩት ቡሬ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበሩ። መኪናዋን በንጉሡ ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሐኪም ላይ ገዟት። በደርግ ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ትፈለጋለች ብለው ሰዎች ሊወስዷት መጡ። አማቴ ጓዳ ገብተው ለግሽ ሚካኤል ተሳሉ። «ይቺን ካተረፍክልኝ ተሳፍሬባት ደጅህ እመጣለሁ» ብለው። ሰዎቹ ቁልፉን ቢያዞሩት ቢያዞሩት አልነሳ አለች፤ ትተዋት ሄዱ። በማግስቱ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አማቴ ይህን የሚያወሩት የሚካኤል ተአምር አድርገው ነው። የባትሪውን ሽቦ ማን ነቅሎት እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም።

ስለቱ ግን ሳይከፈል ቀረ። መጀመሪያ ቤንዚን ጠፋ፤ ቀጥሎ መንግሥት ተለወጠ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው እምቢ አላቸውና መንዳቱን ተዉት። እኔ ልጃቸውን ሳገባ ቤቱ መንዳት የሚችል ሰው አገኘ። «መምህሩ ይነዳል አሉ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቋት፤ እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጬ። ለአማቴ «መምህሩ» ነኝ። ፊት ለፊታቸው ሆኜም «መምህሩ በልቷል?» ይላሉ፣ ወደ እሷ ዞረው።

በአንድ የበጋ ቀን ስለታቸውን እንዲያደርሱ ይዣቸው ወጣሁ። ያቺ መኪና ግን የማታስገባው ነገር አልነበረም። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ሁሉ፣ ፋብሪካው የቀባው መድፈኛ ደርቆ ረግፎ አልቋል። ከቡሬ ወደ ጥሊሊ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ጠጠር ነው። ከተማውን ሳንወጣ አቧራው ከእግራችን ሥር እንደ ጢስ ተነሣ። አማቴ ደረታቸው ደህና አይደለም፤ ሐኪም ከአቧራ ራቅ ብሏቸዋል። መንገዱን ሳናጋምስ ትንፋሽ አጠራቸውና መለስኳቸው። ሲወርዱ ጋቢያቸው፣ ጢማቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጥቶ ወፍጮ ቤት የዋሉ መስለዋል። ከዚያ በኋላ ሲስሉ ከረሙ።

ሲሻላቸው ልጃቸውን ጠሩና፣ «መምህሩ እስከ ኅዳር ሚካኤል ይህን ቀዳዳ ሁሉ ይድፈን። ያለዚያ ስለቴን ሳልከፍል መሞቴ ነው» አሏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እሺ በይልኝ» አልኳት።

መኪናዋን ወደማስተምርበት ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰድኳት። እዚያ ባቲላሜራ ወዳጅ አለኝ፤ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየመታ የሚያቃና ሰው። ዞር ዞር ብሎ አያትና መቀመጫውን አንሥቶ ወለሉን ተመለከተ። በወለሉ ቀዳዳ በኩል መሬቱን አየው።

«መምህር፣ ይቺ መኪና አይደለችም፤ ወንፊት ናት።»

«ትደፈናለች?»

«ሁሉም ነገር ይደፈናል። እኔ የምፈራው አንተን ነው። ላግዝህ ልትል ነው አይደል?»

ላግዝህ አልኩት። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ጋራዥ ነው። ምንጣፉን አወጣን፤ በሽቦ ብሩሽ መገጣጠሚያውን ሁሉ እስኪነጣ ፋቅን። አንዳንዱ ቦታ ዝገቱን ስፍቀው ከሥሩ ቆርቆሮ አጣሁ፤ ለካ መኪናዋን ይዞ የኖረው ዝገቱ ነው። እሱ በየዳ፤ እኔ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባሁ። ከዚያ መገጣጠሚያውን በስቱኮ ሞላነው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። እጄን ሳሳልፍበት የሕፃን ጉንጭ ይመስላል። በኩራት እስከ ጅጋ ነድተናት ተመለስን። ስንመለስ ስቱኮው ተሰነጣጥቆ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

ነገሩ ቀላል ነው። መኪና ጠጠር ላይ ስትሄድ መገጣጠሚያዋ ይላወሳል፤ ስቱኮ ደግሞ አይላወስም። የሚያስፈልገው ሲደርቅም የማይሰነጠቅ፣ እንደ ጎማ የሚሳብ ነገር ነው። እንዲህ ያለው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ወደዚያ የሚሄዱ ሾፌሮችን ላክን። አንዱ የመስኮት መስታወት የሚለጠፍበት አመጣ፤ ሌላው የጫማ ሶል የሚጣበቅበት። በዚህ መሀል ትምህርት ቤታችን ግምገማ ነበርና አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ «መምህሩ ክፍል የሚገባው በዝገት ተቀልሞ ነው» ብሎ ሂስ አቀረበብኝ። ሂሱን ዋጥኩ። አፌን የያዝኩበት እጄም ዝገት ዝገት ይሸት ነበር።

ኅዳር እየቀረበ ሄደ። ባለቤቴ ቡሬ ደርሳ ስትመለስ፣ «አባባ በየቀኑ 'መምህሩ ደፈነ?' ይሉኛል» አለችኝ። ያን ዕለት፣ ማታ ማታ ከምንቀመጥበት ጠጅ ቤት ከባቲላሜራው ጋር ተክዘን ተቀምጠናል። የጠጅ ቤቱ እመቤት ከጋኑ ላይ ሰፈፉን ገፍፋ ጥግ ወዳለው እንስራ ስትጨምር አየሁ። ብርሌዬን አስቀመጥኩ።

«ሰም!» አልኩ።

«ምን ሁነሃል?»

«ሰም አይሰነጠቅም። ውኃ አያሳልፍም። ይላወሳል።»

ባቲላሜራው ብርሌውን ወደ ጎን ገፋ። «መምህር፣ ትምህርት ቤት የሄድከው በከንቱ አይደለም» አለኝ።

ሁለታችንም ጠጥተን ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ በማግስቱ ሳንጠጣም ጥሩ ሐሳብ መስሎን ነበር። የጠጅ ቤቱን እመቤት ለሚካኤል የሚሆን ሰም እንፈልጋለን አልናት፤ ውሸት አይደለም። ጧፍ የምናሠራ መስሏት የነጠረውን፣ የጠራውን መርጣ ሰጠችን።

ሰሙን ከሙጫና ከትንሽ የተልባ ዘይት ጋር አቀለጥነው። ባለቤቴ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ከጠየቀችኝ ቆይቷል፤ እዚህ ላይ ነው የጠፋው። ትኩሱን በማንቆርቆሪያው አፍ በመገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ፤ ሳይበርድ አውራ ጣትን ሳሙና ውስጥ ነክሮ ቀጥ አድርጎ ማስኬድ፤ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ። አውራ ጣቴ ለረጅም ጊዜ አሻራ አልነበረውም። ወለሉን፣ የበሮቹን ዙሪያ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ፓራፋንጎዎች ከገላዋ የሚጋጠሙበትን ሁሉ እንዲህ አዳረስን። ከሁሉ በላይ የደከምኩት ግን በፊተኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ ኮፈኑ ሥር ያለውን ዕቃ መጫኛ ከተሳፋሪው እግር የሚለየው ግድግዳ። አቧራው የሚገባው በብዛት በዚያ ነበር። ሁለት ጊዜ ደረብኩለት። ኮፈኑንም ዙሪያውን ደፈንኩ።

«ከፊት ከሥር አንድ ቀዳዳ ተው፤ ውኃ ከገባ መውጫ ይፈልጋል» አለኝ ባቲላሜራው። ልክ ነው። አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተውኩ።

መጨረሻ ላይ ቀለም ልንቀባው ብንል ቀለሙ ሰሙ ላይ አልይዝ አለ። እንደ ላብ ተንጠባጥቦ ወረደ። ተውነው። ሰማያዊዋ መኪና በየመገጣጠሚያዋ ቢጫ መሥመር ተሠመረባት። ባቲላሜራው ራቅ ብሎ አየና «ጥበብ ለበሰች» አለ። በእርግጥ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች። ለሙከራ ጥቁር ኮቴን ለብሼ ውስጧ ተቀመጥኩ፤ እሱ በአቧራው መንገድ እያስጮኸ ነዳኝ። ስወርድ ኮቴ ጥቁር ነው። ተቃቀፍን። ከቅርቡ ማር ማር ትሸታለች፤ ይህን እንደ ጉድለት አላየነውም።

በዓሉ ሲቃረብ ቡሬ ወስጄ አማቴ ግቢ፣ አጥሩ ጥግ አቆምኳት። ከአጥሩ ማዶ የኑግ ማሳ ነው፤ አበባው ቢጫ ሆኖ ዓይን ያጠፋል። አማቴ በዱላቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ። «መምህሩ ደፍኗል?» አሉ። «ደፍኗል» አልኩ እኔው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአውቶቡስ ረዳት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። «አማትህ 'መምህሩ ይምጣ፤ እንግዳ ገብቶልናል' ብለውሃል» አለኝ።

ባለቤቴን ይዤ ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንኳን ደስ ያለዎት ይቀበላሉ። ቀረብ ብዬ ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ። ውስጡ ሩቅ እንዳለ የወፍጮ ሞተር ያጉረመርማል። በተውኳት ቀዳዳ ንቦች በሰልፍ ይወጣሉ፣ በሰልፍ ይገባሉ። የንቧ ምዕራፍ ከነሥዕሉ በዓይኔ ላይ መጣ።

«አባባ፣ ንብ የሚያውቅ ሰው ጠርተን ወደ ቀፎ እናዛውራቸዋ» አልኩ።

«በምን?»

«በጢስ።»

አማቴ ጎረቤቱን ሁሉ አዩ። «መምህሩ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡትን በጢስ ያስወጣል። በሚካኤል ሰሞን።»

ጎረቤቱ ሁሉ እኔን አየኝ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። እኛ አገር ሳይጠራ የመጣ ንብ አይነካም፤ የነካው ሰው የቤቱን በረከት አብሮ እንዳስወጣ ነው። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ያደግሁት እዚያው ነው።

«እንግዲያው ለበዓሉ በአውቶቡስ እንሂዳ» አልኩ።

«የተሳልኩት በአውቶቡስ ነው?» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህሩ የፊቱን ግድግዳ ደፍኜዋለሁ አላለም?»

«ብያለሁ።»

«አቧራ አያሳልፍም አላለም?»

«አያሳልፍም።»

«ንብ ከአቧራ ትቀጥናለች?»

«አትቀጥንም።»

«እንግዲህ» አሉና ተነሡ።

አንድ ነገር ቀረ። ቤንዚን። ኮፈኑ ካልተከፈተ ቤንዚን አይቀዳም፤ ኮፈኑ ደግሞ ቤት ሆኗል። ታንኩ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያሳየው ቀስት የሞተው ከደርግ በፊት ነው። መኪናዋን ነቅነቅ አድርጌ ድምፁን ልስማ ብል የሰማሁት ሌላ ድምፅ ነው።

የበዓሉ ቀን በማለዳ፣ ብርዱ ንቦቹን እንዳኮማተራቸው ተነሣን። አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጎኔ፣ ባለቤቴ ከኋላ ፊቷን በነጠላ ጠምጥማ።

«አንቺ ብትቀሪ ይሻል ነበር» አልኳት።

«አልቀርም። ይህን ሳላይ ብቀር ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል» አለች።

እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳሁ። ጉድጓድ ስንረግጥ ከፊታችን ጉርምርምታው ከፍ ይላል፤ እግሬን ሳነሣ ዝቅ ይላል። መኪና በድምፅ ነው የሚነዳ የሚሉት ይህን ከሆነ ያን ቀን ገብቶኛል። ጥሊሊ መግቢያ ላይ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«መንጃ ፈቃድ።» ሰጠሁት። ቢጫውን ጥልፍ አየ፤ አሸተተ። «ኮፈኑን ክፈት።»

«አይከፈትም።»

«ምን ጭነሃል?»

አማቴ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ንብ ነው ልጄ።»

ለማያውቁት ፖሊስ «ልጄ» ሲሉ ሰማሁ።

«ስንት?» አለ ፖሊሱ። ልማድ ሆኖበት መሰለኝ።

«አልተቆጠሩም።»

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ ኋላው ሸሸት አለ። መንጃ ፈቃዴን እጁን አርዝሞ አቀበለኝ። «ከዚህ በላይ ትርፍ አትጫኑ» አለና ሰላምታ ሰጠን።

ወደ ግሽ ከታጠፍን በኋላ መንገዱ ባሰበት። ለበዓል የሚሄዱ የጭነት መኪኖች እያለፉን አቧራው ፀሐዩን ሸፈነው። ከውጪ ምንም አይታይም። አማቴ ጣታቸውን ከፊታቸው ባለው ቆርቆሮ ላይ አስኬዱና ጣታቸውን አዩት። ንጹሕ ነው። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። እኔ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ነበር፤ ደረታቸው አልጮኸም።

ልክ ያን ጊዜ ከፊታችን ካለው ግድግዳ ሥር አንዲት ንብ ወጣች። አልበረረችም። በእግሯ ሄዳ በጉልበታቸው ላይ ወጣችና ነጩ ጋቢ ላይ ቆመች። እኔ አየኋት። እሳቸውም አዩዋት። እኔ ማየቴንም አዩ። ከኋላ ባለቤቴ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። አማቴ መስኮቱን በዝግታ ዝቅ አድርገው የጋቢውን ጫፍ ወደ ውጪ አወጡ፤ ሄደች። መልሰው ዘጉ።

«አንዷ ናት» አሉ በሹክሹክታ።

«አንዷ ናት» አልኩ። ለባለቤቴ አልነገርናትም። ያቺን ቀዳዳ እግሬን ዘርግቼ በጫማዬ ጫፍ እንደደፈንኩ ግሽ ገባን።

ደጁ ጋ ስንደርስ አማቴ ወረዱ። ጋቢያቸውን ገፈፉና አራገፉት። ምንም አቧራ አልወጣውም። እንደገና አራገፉት። ከዚያ እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ፣ በቅሎ እንደሚያረጋጋ ሰው፣ አሳረፉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አንገታቸውን ደፉ። ለማን ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ለእኔ አልነበረም። ባለቤቴ ደግፋቸው ገቡ። ሳይስሉ።

እኔ መኪናዋ ዘንድ ቀረሁ። ፀሐይ ሲሞቅ የኮፈኑ ነዋሪዎች ለሥራ ወጡ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በተጨናነቀበት ቀን በዙሪያዬ ሰፊ ሜዳ ነበረኝ። ሁሉም ተመልሰው እስኪገቡ ልንሄድ ስላልቻልን ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ተነሣን። ቡሬ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን መኪናዋ ሳል አደረገችና ቆመች። ቤንዚኑ አለቀ። ከበዓል የሚመለሱ ገበሬዎች ገፉልን። ከፊት ምን እንዳለ ሲሰሙ ተበተኑ፤ አማቴ «ተኝተዋል» ሲሏቸው ተመልሰው ገፉ። አጥሩ ጥግ፣ ከተነሣችበት ቦታ አገባናት። ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም።

በተከታዩ ክረምት ቡሬ ሄድኩ። ዝናቡ እንደ ወትሮው ነው፤ ሰማይ ተቀዶ። አማቴ ቤት ውስጥ የሉም። ባየው መኪናዋ ውስጥ፣ ከመሪው ኋላ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከፈቱልኝ፤ ሮጬ ገባሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከፊታችን ንቦቹ ቀስ ብለው ያንጎራጉራሉ። ሁለታችንም ወደፊት እያየን፣ የምንሄድ ይመስል ተቀመጥን። እኔ የደፈንኩትን አንድ በአንድ ቃኘሁ። ወለሉ ደረቅ ነው። የእሳቸው በር ደረቅ ነው።

አንድ ጠብታ አንገቴ ላይ ወረደ። ሌላ ወረደ። ኮሌታዬን ቀና አደረግሁ።

አማቴ ሳይዞሩ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው። በአንተ በኩል ግን ያፈስሳል።»